ጠቦቱ ትምህርት ቤት ገባ፤ እረኛውስ?



ፊደል ለይታችሁ፣ ቃል ከቃል አገናኝታችሁ ማንበብ ከጀመራችሁ ወዲህ ስለ ውኃ ንጽሕና፣ ስለ አፈር ጥበቃና ስለ ከብት በሽታ አንብበናል። ዛሬ ደግሞ ስለ ልጆች ጨዋታ እናነባለን። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። እኛም እንደዚያው እናስብ ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን ማታ የልጆች ጨዋታ እያየን ስንስቅ ከቆየን በኋላ፣ አንድ ልጅ በጠየቀን ጥያቄ ሁላችንም ዝም አልን። ይህ ንባብ ስለዚያ ጨዋታና ስለዚያ ጥያቄ ነው።

1. በአንድ የክረምት ማታ

እኛ ከዩኒቨርሲቲ ታዝዘን በደብረ ታቦር ዙሪያ ለማስተማር የመጣን ተማሪዎች ነን። አብዛኞቻችን ከተማ ተወልደን ከተማ ያደግን ነን። በግ እናውቃለን ብንል፣ የምናውቀው ለበዓል በገመድ ሲጎተት ነው። በዚህ ደጋ ግን በግ የቤቱ ገንዘብ ነው። ገበሬው በግ ሸጦ ዘር ይገዛል። በግ ሸጦ ልጅ ይድራል። በግ ሸጦ ዕዳ ይከፍላል። የፋርጣ በግ ተብሎ በስሙ የታወቀ የበግ ዘርም አለ። ከወደ ፎገራ ሜዳ ወረድ ሲባል ደግሞ በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት አለ።

ያን ዕለት ትምህርቱ ያለቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ግድም ነበር። ዝናቡ አላስወጣን አለ። የቤቱ እመቤት፣ እርሳቸውም ተማሪያችን ናቸው፣ ቡና አቀረቡ። ከእኛ አንዱ ለእኅቱ ልጅ ብሎ በስልኩ ላይ የጫነው አጭር ፊልም ነበረው።

«እስኪ ይህን እንይ፤ ስለ በግ ነው» አለ።

ስለ በግ ነው ሲባል ማን ዝም ብሎ ይቀመጣል? አሥራ አንድ ሰው ሆነን በአንዲት ትንሽ ስልክ ላይ አጎነበስን።

2. ፊልሙ ምን ያሳያል?

ፊልሙ «ቲሚ ታይም» ይባላል፤ «የቲሚ ጊዜ» እንደ ማለት ነው። ቲሚ የአንድ ጠቦት ስም ነው። ፊልሙን የሠራው በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ያለ አርድማን የሚባል ድርጅት ነው። በእንግሊዝ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው በ2001 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2009 ነው። አንዱ ክፍል 10 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የተሠራው ገና ለትምህርት ላልደረሱ ሕፃናት ነው።

ቲሚ ከዚያ በፊት «በጉ ሾን» በሚባል ሌላ አስቂኝ ፊልም ውስጥ ታይቶ ነበር። በዚያ በመንጋው ውስጥ ያለው ጠቦት እርሱ ብቻ ነው። ብቸኛ ልጅ እንዴት እንደሚሞላቀቅ ታውቃላችሁ። ቲሚም እንዲሁ ነው። ሁሉ ነገር የእኔ ይሁን ይላል። ኋላ ግን ሕፃናት ትምህርት ቤት ይገባል። እዚያ ሲደርስ ሌሎች ልጆች ያገኛል። የዳክዬ ጫጩት አለች። የፍየል ግልገል አለ። ቡችላ አለ። የድመት ልጅ አለች። የአሳማና የቀበሮ ልጆችም አሉ። ታዲያ ቲሚ የሌላውን መጫወቻ ይፈልጋል። ተራ መጠበቅ ይቸግረዋል። ጥፋት ያጠፋና ይደነግጣል። በመጨረሻ ግን አብሮ መጫወትን፣ መካፈልንና ይቅርታ መጠየቅን ይማራል።

አስተማሪዎቹ ሁለት ወፎች ናቸው። አንዱ ጉጉት ነው። ሁለተኛዋ እግረ ረጅም የውኃ ዳር ወፍ ናት። ጉጉቱ ብቅ ሲል አንድ አባት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣

«እንዴ! ጉጉት ነው አስተማሪው? እኛ ጣራ ላይ ስትጮህ እናባርራታለን እኮ!» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር የጉጉት ጩኸት የክፉ ወሬ ምልክት ነው። በእንግሊዞች ዘንድ ግን ጉጉት የአዋቂ ምሳሌ ናት። ወፏ ያችው ናት፤ የሰዉ አስተያየት ግን ይለያያል። የቀበሮው ልጅ ከጠቦቱ አጠገብ ሲቀመጥ ደግሞ እኒያው አባት፣

«ግድ የለም፤ ጥርሱ እስኪጠና ነው» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

አንድ ነገር ልብ አልን። በዚህ ፊልም ውስጥ ግልገሎቹ የሰው ቃል አይናገሩም። ጠቦቱ እንደ በግ ይጮኻል። ቡችላው እንደ ውሻ ይጮኻል። ነገሩን የምንረዳው ከሁኔታቸው ነው። ስለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገንም። እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው ሁሉ ገባው። እንዲያውም ከእኛ ይልቅ እናንተ ቀድማችሁ ሳቃችሁ። የእንግሊዝ በግና የፋርጣ በግ ቋንቋቸው አንድ ነውና።

ፊልሙ ሲያልቅ የቤቱ እመቤት ልጅ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት ያህል ነው። በጎቹን አስገብቶ፣ ውኃ የጠጣ ገሳውን ሳያወልቅ፣ በትሩን እንደያዘ ከሰው ትከሻ በላይ አሻግሮ ሲያይ ቆይቷል። እርሱ ብዙም አልሳቀም። ከዚያ፣

«ጋሼ፣ የዚህ በግ እረኛ የት አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ፊልሙ ውስጥ እረኛ አልነበረም። እርስ በርሳችን ተያየን። ጠቦቱ ትምህርት ቤት ገብቷል። ይህ ልጅ ግን ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም። እናቱ በዚያች ክረምት ስማቸውን መጻፍ ተምረዋል። እርሱ ግን እናቱ ሲማሩ ከውጭ በጎች ያስገባል።

ወደዚህ ጥያቄ እንመለሳለን። አስቀድመን ግን በዚያው ማታ የተነሡ ሌሎች ጥያቄዎችን እንመልከት።

3. ግልገሎቹ እንዴት ይንቀሳቀሳሉ?

አንዲት እናት «እነዚህን ግልገሎች ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያሠለጠናቸው?» ብለው ጠየቁ። መልሱ «ማንም አላሠለጠናቸውም፤ ነፍስ የላቸውም» የሚል ነው። አሻንጉሊቶች ናቸው። በእጅ የተሠሩ ናቸው። እግራቸውም አንገታቸውም ይታጠፋል።

ታዲያ ነፍስ የሌለው ነገር እንዴት ይሮጣል? ሥራው እንዲህ ነው። ሠራተኛው አሻንጉሊቱን ያቆመዋል። ፎቶግራፍ ያነሣዋል። ከዚያ እግሩን ጥቂት፣ የእህል ቅንጣት ታህል ያንቀሳቅሰዋል። ደግሞ ፎቶግራፍ ያነሣዋል። እንደገና ጥቂት ያንቀሳቅሰዋል። እንደገና ያነሣዋል። እነዚህ ሥዕሎች በፍጥነት ሲከታተሉ ዓይናችን አንዱን ከአንዱ መለየት አይችልም። ስለዚህ ጠቦቱ የሄደ ይመስለናል።

እስኪ በሒሳብ እንየው። በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 25 ሥዕሎች ያልፋሉ። አንድ ደቂቃ 60 ሴኮንድ ነው። 10 ደቂቃ ስንት ሴኮንድ ይሆናል?

10 × 60 = 600 ሴኮንድ

በ600 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ሥዕል ያልፋል?

600 × 25 = 15,000 ሥዕሎች

አንዳንዱ ሥዕል ሁለት ጊዜ ተደግሞ ስለሚታይ የሚነሣው ፎቶግራፍ ከዚህ ሊያንስ ይችላል። ቢሆንም ብዙ ሺህ ነው። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ያለቀች ጨዋታ የብዙ ሰው የብዙ ቀን ድካም አለባት ማለት ነው። ጥጥ የምትፈትል ሴት ይህን ነገር ታውቀዋለች። ጋቢው ሲለበስ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ክር ግን በጣት መካከል አልፏል።

ለልጆች ጨዋታ ይህን ያህል ለምን ይደከማል? ልጅ ሲስቅ ልቡ ክፍት ስለሆነ ነው። በዚያን ጊዜ የገባ ትምህርት አይረሳም። «ተራህን ጠብቅ» ብሎ መቆጣት አለ። ተራውን ያልጠበቀ ጠቦት ሲያፍር ማሳየትም አለ። ሁለተኛው ይበልጥ ይያዛል።

4. በአገራችንስ?

ቴሌቪዥን ማለት በሩቅ ያለውን ነገር ሥዕሉንና ድምፁን አምጥቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። ለልጆች በቴሌቪዥን ተረት በመንገር ከሁሉ ይበልጥ የታወቁት አባባ ተስፋዬ ናቸው። ሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሳህሉ ነው። የቲያትር ሰው ነበሩ። ልጆች «አባባ» ብለው ስለ ጠሯቸው አዋቂውም «አባባ» አላቸው። ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን እየቀረቡ ተረት ነገሩ። ድምፃቸውን እየለዋወጡ፣ እንስሳቱን እያስመሰሉ ያስቁ ነበር። በተረቱ መጨረሻ ምክር ነበረ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ዐረፉ።

አባባ ተስፋዬ ብዙ ዕቃ አላስፈለጋቸውም። ፊታቸው፣ ድምፃቸውና ተረታቸው በቃቸው። ይህ ሥራ ደግሞ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። በየቤቱ እሳት ዳር አያቶች ሲሠሩት የኖሩት ነው። በእኛ ተረት ጦጣ ብልህ ናት። ጅብ ሆዳም ነው። ልጅ የጅቡን ሞኝነት ሰምቶ ይስቃል። እየሳቀም መሳሳት ምን እንደሚያመጣ ያውቃል።

ከጊዜ በኋላ ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚባል የልጆች ዝግጅት መጣ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። የጀመሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ የምትባል መምህርትና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ናቸው። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት። በእጅ የምትንቀሳቀስ አሻንጉሊት ናት። ሁሉን ነገር ትጠይቃለች። ልጆች ከእርሷ ጋር ፊደል ይማራሉ። ስለ ጤናና ስለ ንጽሕናም ይማራሉ። ይህ ዝግጅት በ2008 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በጃፓን አገር ለትምህርት ፊልሞች በሚሰጠው «ጃፓን ፕራይዝ» በሚባለው ሽልማት ተሸልሟል።

ከዚህ ምን እንረዳለን? የእኛም ሰዎች ይህን ሥራ ያውቁበታል። ነገር ግን ቀጭኔ የቆላ እንስሳ ናት። የፋርጣ ልጅ ቀጭኔን በዓይኑ አያያትም። ግልገልን ግን ሲወለድ ጀምሮ ያውቀዋል። እንግሊዞቹ በስንት ድካም ያዘለሉትን ጠቦት የእኛ እረኛ በየቀኑ ማታ በደጁ ያየዋል።

5. የፊልሙ ግልገልና የእውነቱ ግልገል

ፊልሙ ጨዋታ ነው። ቢሆንም ከእውነቱ የሚገጥም ነገር አለው። አንድ በአንድ እንመልከት።

ሀ) ግልገል መጫወት ይወዳል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግልገሎች ተሰባስበው ሲፈነጥዙ፣ ከድንጋይ ላይ ሲዘሉ፣ አንዱ አንዱን ሲያባርር አይታችኋል። ይህ ከንቱ አይደለም። እግሩ የሚጠነክረው፣ ከመንጋው ጋር መኖር የሚለምደውም በዚህ ነው። የሰው ልጅም በጨዋታ ይማራል።

ለ) እናት ልጇን ታውቃለች። በግ አምስት ወር አርግዛ ትወልዳለች። እንደ ወለደች ልጇን ትልሰዋለች። ሽታውን የምትይዘው በዚያን ጊዜ ነው። ኋላም ድምፁን ትለያለች። ከሃምሳ ግልገል መካከል የራሷን ትጠራለች። እርሱም ይሰማታል።

ሐ) መጀመሪያ የሚደረግ ነገር ኋላ አይተካም። ጤነኛ ግልገል ብዙ ሳይቆይ ይቆምና ጡት ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር መጥባት አለበት። እንገሩ ከበሽታ የሚከላከል ኃይል ይሰጠዋል። አንድ ቀን ካለፈው ግን ሆዱ ያን ኃይል መቀበል ያቆማል። ስለዚህ አዋቂ እረኛ ደካማውን ግልገል ይዞ ወደ ጡቱ ያስጠጋዋል። «ነገ ይጠባል» አይልም።

የማይገጥመው ደግሞ ግልጽ ነው። ቀበሮና ጠቦት አብረው አይማሩም። በግ በሰኮናው ብሩሽ አይዝም። ዋናው የማይገጥም ነገር ግን ሌላ ነው። እውነተኛ በግ ያለ ጠባቂ አያድርም። ልጁ በጥያቄው የነካው ይህን ነው።

6. የእረኛው ጥያቄ

በዚያ ማታ ከእኛ አንዱ የቤቱን እመቤት «እማማ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ለምን አልላኩትም?» አላቸው። አነጋገሩ ትንሽ የወቀሳ ነበር። እርሳቸው አልተቆጡም። ሲኒውን እያጠቡ እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ እኔ የተማርሁት ማታ ነው። ማታ በጎቹ ይተኛሉ። የልጆች ትምህርት ቤት ግን ቀን ነው። በግም የሚበላው ቀን ነው።»

መልስ አልነበረንም። በማግስቱ ከእኛ ሁለቱ «ዛሬ በጎቹን እኛ እንጠብቅ» ብለው ወጡ። በጎቹ 19 ነበሩ። ገና ፀሐይ ከመካከል ሳትደርስ ስድስቱ የጎረቤት ገብስ ውስጥ ገቡ። ከወዲህ ስንከለክል ከወዲያ ይገባሉ። ስንሮጥ ይበተናሉ። ባለ ማሳው ወጥተው ጮኹብን፤ እውነት አላቸው። በኋላ ልጁ መጣ። አልሮጠም። አፏጨ። መሪዋን በግ በስሟ ጠራት። እርሷ ስትመጣ ሁሉም ተከተሏት። ዓይኑን አንድ ጊዜ አዙሮ፣ «ቦቃዋ ጎድላለች» አለ። ከቁጥቋጦ ሥር አገኛት። እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባነው ሁለታችን 18 መሆናቸውን እንኳ አላወቅንም ነበር።

ስለዚህ እረኝነት የሚናቅ ሥራ አይደለም። እውቀት ነው። ልጁ የእያንዳንዷን በግ ጠባይ፣ የሣሩን ዓይነት፣ የደመናውን ነገር ያውቃል። ሰነፍ ስለሆነ አልቀረም። ወላጆቹም ስለሚጠሉት አላስቀሩትም። ሥራው ግድ ስለሆነ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር እውነት ነው። ልጁ የሚያውቀውን መጻፍ አይችልም። ነገ በጎቹ ሲታመሙ የመድኃኒቱን ዕቃ ያነሣል። ለስንት ኪሎ በግ ስንት እንደሚሰጥ እዚያ ላይ ተጽፏል። ማንበብ አይችልም። ወደ ገበያ ሲወርድ ሌላ ሰው ሒሳብ ይሠራለታል። ውል ሲዋዋል አውራ ጣቱን ያትማል። እናንተ ይህን ኑሮ ታውቁታላችሁ። አውራ ጣት ማተም ምን ያህል እንደሚያሳፍር በክፍላችን ውስጥ ራሳችሁ ነግራችሁናል። ጡቱን በጊዜው ያልጠባ ግልገል ነገር እዚህ ላይ ይታሰብ። አዋቂ ሰው መማር ይችላል፤ እናንተ ምስክር ናችሁ። ቢሆንም በልጅነት የተጀመረ ይቀላል።

የአገሪቱ ሕገ መንግሥትም ይህን ይላል። ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት መብት ይናገራል። ሕፃን ትምህርቱን፣ ጤናውን ወይም ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይከላከላል። ይህ ማለት ልጅ ቤተሰቡን አይርዳ ማለት አይደለም። ሥራው ትምህርቱን አይብላበት ማለት ነው።

7. ምን ይደረግ?

ይህን ጥያቄ ለክፍሉ አቀረብነው። መልሱን ያገኛችሁት እናንተ ናችሁ። እኛ የጻፍነው የተባለውን ነው።

አንደኛ፣ ተራ መጠበቅ። አምስት ጎረቤቶች በጎቻቸውን ያቀላቅሉ። በሳምንት ውስጥ የትምህርት ቀን አምስት ነው። ከእያንዳንዱ ቤት አንድ አዋቂ በሳምንት አንድ ቀን መንጋውን ይጠብቅ። 5 ቤት፣ 5 ቀን፤ ሒሳቡ ይገጥማል። በዚህ መንገድ አምስቱም ቤት ልጆቻቸውን ይልካሉ። ለደቦና ለወንፈል የምትጠራሩ ሰዎች ይህ አያቅታችሁም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለዚህም ነው። በአጨዳና በውቂያ ወቅት ግን አዋቂው ሁሉ እጁ ስለሚያዝ ተራው አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ፈረቃ። ትምህርት ቤቱ በጠዋትና በከሰዓት ፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ፣ ከአንድ ቤት ሁለት ልጆች በተለያየ ፈረቃ ይመዝገቡ። እኅት ጠዋት ስትማር ወንድም ይጠብቃል። ከሰዓት ወንድም ሲማር እኅት ትጠብቃለች። እዚህ ላይ አንድ እናት «ከሰዓት በኋላ ውኃውንም እርሷ፣ እንጨቱንም እርሷ፣ በጉንም እርሷ እንዳይሆን» ብለዋል። ልክ ናቸው። ሥራው በእኩል ይከፈል።

ሦስተኛ፣ አስሮ መቀለብ። ደካማ ግልገሎችንና ሊወልዱ የደረሱትን በጎች በቤት አጠገብ አስሮ፣ ሣር አጭዶ ማብላት ይቻላል። መንጋው ሲያንስ ጥበቃው ይቀላል። በጉም ይሰባል።

አራተኛ፣ ማታ በእሳት ዳር። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ የምታውቁትን ፊደል ለልጆቻችሁ አሳዩ። ከሚያውቁት ነገር ጀምሩ። በግ፣ ላም፣ ጥጃ፣ ፍየል፣ አህያ፣ ውርንጭላ እያላችሁ በአመድ ላይ ጻፉ። ልጁ የመሪዋን በግ ስም ሲያነብ ታያላችሁ፤ ፊቱ ይበራል። ከዚያ ተረት ንገሩ። ቴሌቪዥን የለንም አትበሉ። ጠቦቱን የሚያስመስል ድምፅ ከእናንተ ይልቅ ማን አለው?

8. ሙልሙልና ምዝገባ

ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ነው። የበዓሉ ስም ደብረ ታቦር ነው፤ ከተማችንም የምትጠራው በዚሁ ስም ነው። በዚያን ቀን እረኛ ይከበራል። ጅራፉን ያጮኻል። ከባልንጀሮቹ ጋር በየደጁ ይጨፍራል። እናቶች ሙልሙል ይሰጡታል። ዓመቱን ሙሉ በብርድና በዝናብ ላገለገለ ልጅ ይህ ይገባዋል።

ታዲያ ከቡሄ በኋላ አዲስ ዓመት ሩቅ አይደለም። ትምህርት ቤት የሚመዘግበውም በዚሁ ሰሞን ነው። ሙልሙሉን የሰጠ እጅ የልጁንም ስም ያስመዝግብ። የልጅን ስም በራስ እጅ መጻፍ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። የቤቱ እመቤት የልጃቸውን ስም በደብተራቸው ላይ ሦስት ጊዜ ጽፈው አሳይተውናል። ከአራት ጎረቤቶቻቸው ጋርም ስለ ተራው ተነጋግረዋል። ሁለቱ ተስማምተዋል። ሁለቱ «እናስብበት» ብለዋል። ነገሩ ገና አልተቆረጠም።

ልጁ «የዚህ በግ እረኛ የት አለ?» ብሎ ነበር። አንድ ቀን በግ ያለ ልጅ ሲሄድ ያየ ሰው ይህንኑ ይጠይቅ ይሆናል። በዚያን ቀን እናንተ «ዛሬ የመጠበቅ ተራው የእኔ ነው፤ እርሱ ትምህርት ቤት ነው» ብላችሁ እንድትመልሱ እንመኛለን።

አዲስ ቃላት

ቴሌቪዥን — በሩቅ ያለን ነገር ሥዕልና ድምፅ አምጥቶ የሚያሳይ መሣሪያ።
አሻንጉሊት — በሰው ወይም በእንስሳ መልክ የተሠራ የልጆች መጫወቻ።
ሴኮንድ — የአንድ ደቂቃ 60ኛ ክፍል።
ፈረቃ — ተማሪዎች ወይም ሠራተኞች ተከፍለው የሚገቡበት ሰዓት።
ምዝገባ — ስምን በመዝገብ ላይ ማስጻፍ።

ጥያቄዎች

1. ቲሚ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ምን ምን ተማረ?
2. ጉጉት በእኛ አገርና በእንግሊዝ አገር የሚታይበት ልዩነት ምንድን ነው?
3. ግልገል በመጀመሪያው ቀን እንገር ካልጠባ ምን ይሆናል?
4. አንድ ፊልም 5 ደቂቃ ቢፈጅና በሴኮንድ 25 ሥዕል ቢያልፍ፣ በጠቅላላው ስንት ሥዕል ያልፋል?
5. ጳጉሜን 5 ቀን በሆነች ዓመት ከነሐሴ 13 እስከ መስከረም 1 ስንት ቀን ይቀራል? ቆጥራችሁ ጻፉ።
6. ተወያዩ፦ በእናንተ ሰፈር ተራ መጠበቅ ቢጀመር የትኛው ወቅት ያስቸግራል? እንዴትስ ይፈታል?
7. በቤታችሁ ያለ አንድ ግልገል ወይም ጥጃ ያደረገውን አስቂኝ ነገር በአምስት ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ማታ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው።